አሮጌ ቤትና የመሐንዲስ ፊርማ
(ስለ አዲስ አበባ አራዳ ሰፈርና ስለ አርሲ ከተሞች የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «አሮጌ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንድ ጊዜ ዘመንን ይናገራል፤ ሌላ ጊዜ ጉዳትን። «አሮጌ ቤት ነው» የሚል ሰው ቤቱ ብዙ ዘመን የቆመ መሆኑን መግለጹ ነው ወይስ ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን? ተናጋሪው ራሱ ሁልጊዜ ለይቶ አያውቀውም። በዕለት ጨዋታ ይህ መደባለቅ የሚያመጣው ጣጣ የለም። አንድ መሐንዲስ ፊርማውን በሚያኖርበት የምርመራ ወረቀት ላይ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ወረቀት በስተኋላ የሚመጣው ዶዘር ነውና።

ስለ አሮጌ ሕንፃዎች ጥበቃ በአርሲ ደጋ መናገር ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ይህ ምድር የጎንደርን ግንብ አልያዘም፤ የሐረር ጀጎልም የለውም። የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርቦዬ ወይም በአሰላ መንገድ ዳር የሚታየው ቤት አብዛኛው ቋሚው ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ለዚህ ቤት ማንም ቱሪስት ካሜራ አያወጣም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ አራዳ የተባለው ስመ ጥር ሰፈር የተሠራው በአመዛኙ ከዚሁ ዕቃና በዚሁ ጥበብ ነበር። የዚያ ሰፈር ዕጣም በከፊል የተወሰነው በመሐንዲሶች ወረቀት ነው። በትላልቅ ከተሞች የተጀመረው የመንገድ ዳር ልማት ወደ ክልል ከተሞች በመዝለቅ ላይ በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ፣ ከዚህ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሆነውን መመርመር ለዚህ አካባቢ ባለሙያ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ አራዳ እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የነበረው ሜዳ የከተማዋ ዋና ገበያ ሆነ። ገበያው ጉምሩክን አመጣ፤ ጉምሩኩ ዘበኛን አመጣ። «የአራዳ ዘበኛ» የሚለው ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። «አራዳ» የሚለው ቃልም ቀስ በቀስ የከተማን መላ ያወቀ፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው ማለት ሆነ። የአንድ ገበያ ስም የሰው ጠባይ መጠሪያ እስኪሆን መድረሱ ሰፈሩ በሕዝቡ ልቦና ውስጥ የያዘውን ቦታ ከማንኛውም የቅርስ መዝገብ ይልቅ ይመሰክራል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤቶቹ የሣር ክዳን ነበሩ። ለቤትና ለማገዶ የሚቆረጠው ጽድ ከከተማዋ ዙሪያ እየራቀ ስለ ሄደ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ፣ ምስማርና መስተዋት በብዛት ይገባ ጀመር። የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር በአንድ መድረክ ላይ ሠሩ። ከዚህ ድብልቅ የወጣው ቤት ሕንድም አርመንም ያልሆነ፣ በየትኛውም የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ስም ያልወጣለት የአዲስ አበባ ቤት ነው። ምድር ቤቱ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ደርቡ አንዳንዴ ግንብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት ቋሚና ማገር በጭቃ የተመረገበት ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ የእንጨት በረንዳ ይከበዋል፤ የክዳኑ ጠርዝ በመጋዝ እንደ ጥልፍ በተቀረጸ ጣውላ ያጌጠ ነው። በምድር ቤቱ ይነገዳል፤ በደርቡ ይኖራል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ተዛወረ። አራዳም የነጮች ንግድ ማዕከል እንዲሆን ታቅዶ «ፒያሳ» የሚለውን ስም አገኘ። ስሙ ከወራሪው ጋር አልሄደም። ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ሁሉም በአንድ ዙር ውስጥ ተገኙ። በጀርባቸው ደግሞ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ መንደሮች በጠባብ መተላለፊያዎች ተያይዘው ይኖሩ ነበር። የፊት ለፊቱ ሕንፃና የጀርባው መንደር አንድ አካል እንደ ነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከፊት የሚነግደው ከኋላ ይኖራል፤ የኋላው ዝናብ ወደ ፊት ቦይ ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ ሙያው ጉዳይ መግባት ይገባል። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ «ደካማ ነው» ይባላል። ነገሩን በቃል ከማድነቅ ወይም ከማጣጣል ማስላቱ ይሻላል። ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 7 ሜትር የሆነ የባለ አንድ ደርብ ቤት ግድግዳ ይወሰድ። የድንጋይ ግንብ በአንድ ሜትር ኩብ 2200 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ የራሱ ክብደት 9240 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስፋቱ አምስት ሜትር ከሆነ ክፍል የወለሉን ግማሽ ጭነት በካሬ ሜትር 300 ኪሎ፣ የጣሪያውን በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ብሎ ቢደመርበት ሌላ 1000 ኪሎ ግራም ይጨመራል። ይህ ሁሉ ግርጌው ላይ 6000 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሆነ ስፋት ሲያርፍ፣ ጫናው በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ1.7 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም። ደረቅና በአግባቡ የተገነባ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ይህን ያህል ሲሸከም ቢኖር የሚያስገርም ነገር የለውም። መቶ ዓመት መቆሙም ተአምር አይደለም፤ የሂሳቡ ውጤት ነው።

ሂሳቡ የሚፈርሰው «ደረቅ» የሚለው ቃል ሲፈርስ ነው። ጭቃ ውኃ ሲጠጣ ጥንካሬውን ያጣል፤ ድንጋዮቹ በመካከላቸው ያለውን ጭቃ እየጨመቁ ያስወጡታል፤ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም በአብዛኛው በክረምቱ ወራት ተጠቃሎ የሚወርድ ነው። የአርሲ ደጋም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። ስለዚህ የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ የሚለካው በግድግዳው ሳይሆን በክዳኑ ነው። የቀድሞው አናጢ ይህን ያውቅ ነበር፤ በረንዳውን ሰፊ ያደረገው ለመቀመጫና ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ዝናቡን ከግድግዳው ለማራቅ ነው። የተቀረጸው ጣውላም የቆርቆሮውን ጫፍ ከንፋስ ይጠብቅ ነበር። ጌጥ የተባለው ነገር ሥራ ነበረው።

አንድ አሸንዳ ሲዝግና ሲበሳ ምን እንደሚከተል ቅደም ተከተሉ በደንብ የታወቀ ነው። ውኃው በአንድ ቦታ እየተንጠባጠበ ግርጌውን ያረጥበዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ልስኑ ይነሳል። የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጫፍ በግድግዳው ውስጥ እርጥበት አግኝቶ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። ወለሉ ያዘነብላል። ያን ጊዜ መርማሪ ይመጣና «ሕንፃው ከማርጀቱ የተነሳ ለኑሮ አደገኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ሕንፃው አደገኛ ሆኗል። «ከማርጀቱ የተነሳ» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ምክንያቱ አሸንዳ ነው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፤ እርጅና መድኃኒት የለውም፣ የተበሳ አሸንዳ ግን መድኃኒቱ ሌላ አሸንዳ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ሲሚንቶ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ የአራዳ ቤቶች «በመታደስ» የተጎዱ ነበሩ። የጭቃ ግድግዳ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል። በኖራ የተለሰነ እንደሆነ ይህ አይከለከልበትም። በጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ሲሸፈን ግን ከታች የሚወጣውና በስንጥቅ የሚገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ከልስኑ በስተጀርባ ጭቃው ይላሽቃል፤ ልስኑ ግን ለጊዜው ያምራል። ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ ቤቱን አሳመመ ማለት ነው። ሲሚንቶ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠንካራውን ነገር በለስላሳው ላይ መለጠፍ በየትኛውም የዕቃ ትምህርት የሚደገፍ ስላልሆነ ነው። በአርሲ ከተሞች ጭቃውን ከጭድ ጋር ለውሶ፣ ሰንበት አድርጎ እስኪበሰብስ ጠብቆ የሚመርገው ባለሙያ በዚህ ረገድ ከብዙ ዲፕሎማ የበለጠ ያውቃል።

ታዲያ አሸንዳው ለምን አልተለወጠም? መልሱ ከሥነ ሕንፃ ወደ አስተዳደር ይወስዳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሐዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ በከተማው መሐል ጣሪያ እንደሰጠ መካድ አይቻልም፤ አራዳ ከሌሎች ዓለማት የከተማ ማዕከሎች በተለየ ባለጠጋና ድሃ በአንድ አጥር የኖሩበት ሰፈር ሆኖ የቆየው በዚህም ምክንያት ነው። በአንጻሩ የቀበሌው ኪራይ ለዓመታት ከፍ ሳይል ስለ ኖረ ከእርሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት አልፈለገም፤ ቢፈልግም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ደርብ በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ ብዙ ቤተሰብ ያዘ፤ በረንዳው ተዘግቶ ማድ ቤት ሆነ። ዝናብን የሚያርቀው በረንዳ በዚህ ዓይነት ጭስና እርጥበትን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሆነ። በመጨረሻም ቤቱ የማንም ሳይሆን ቀረ።

የዚህን ሰፈር ኑሮ ማሳመር ለማንም አይበጅም። ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ የሚደርስበት ግቢ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መተላለፊያ፣ በአንድ ቆጣሪ ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሰፈሩ እውነት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሳው ቃጠሎ፣ የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረውን አዳራሽ ጨምሮ፣ የቤቱን ብዙ ክፍል አወደመ። የእንጨት ወለልና የእንጨት ደረጃ ያለው ሕንፃ ለእሳት ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ያን ቀን ሁሉም አየ። ሆቴሉ ተጠግኖ እንደገና ሥራ መጀመሩ ደግሞ ሌላውን ነገር አሳየ፤ ፈቃዱና ባለቤቱ ካለ ከእሳት የተረፈ የድንጋይ ግድግዳ እንኳ ቤት ይሆናል።

ሕግ አልነበረም ማለት አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም.፣ ቅርሶችን በአገር አቀፍና በክልል ደረጃ የሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839 በ2006 ዓ.ም. ወጥተዋል። የአዲስ አበባም አስተዳደር አሮጌ ቤቶችን መዝግቧል። የምዝገባው አሠራር ግን በተግባር በነጠላ ቤት ላይ ያተኮረ ሆነ፤ የአንድ ራስ ወይም የአንድ ደጃዝማች መኖሪያ፣ የአንድ ታዋቂ ነጋዴ መደብር። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ መትረፉ የዚህ አሠራር መልካም ፍሬ ነው። ያለ ጎረቤቶቹ ብቻውን መቆሙ ደግሞ የአሠራሩን ወሰን ያሳያል። ባለ ስሙ ቤት ሲመዘገብ፣ ከጎኑ ያለው የስም የለሽ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ደረጃ፣ የሁለቱን ጎርፍ የሚቀበለው ቦይ አይመዘገብም። ከምህንድስና አንጻር ይህ አደገኛ ነው፤ በተያያዘ ሰፈር ግድግዳ ግድግዳን ይደግፋል። ጎረቤቱ ሲፈርስ የቀረው ቤት ደጋፊውን ያጣል፤ ለዝናብ ያልተዘጋጀው ጎኑ ለዝናብ ይጋለጣል፤ በአጠገቡ ለአዲስ ሕንፃ የሚቆፈረው ጥልቅ መሠረት የእርሱን መሠረት ያናጋል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ክፍሎች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛወሩ። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመብራትና የፍሳሽ መስመር መዘርጋቱ የሚታይ ጥቅም ነው፤ መሐንዲስ ሆኖ ይህን የሚንቅ አይገኝም። መጸዳጃ የሌለውን ግቢ «ታሪክ ነው» ብሎ እንዳለ ይቆይ ማለትም በሌላው ሰው ኪሳራ ታሪክ መውደድ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት የጠፋው የቤት ቁጥር ብቻ አልነበረም። የመቶ ዓመት የመንገድ አቀማመጥ፣ የግንበኝነት ናሙና፣ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የሱቅና የመኖሪያ ቁርኝት አብሮ ሄደ። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ከተማዋ የሕንፃ ቅርስ ያወጡትን መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው፣ በሥዕሎቹ ከሚያያቸው ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ያሉት በገጹ ላይ ብቻ መሆኑን ይገነዘባል። በፈረሰው ክፍል ውስጥ ስንቱ ቤት በእርግጥ መጠገን የማይቻል፣ ስንቱ አሸንዳ ብቻ የሚያስፈልገው እንደ ነበር በየቤቱ የተሠራ ስሌት ለሕዝብ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በስሜት ፈንታ በቁጥር ይካሄድ ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ቀደም ብሎ ተነሥቷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1962 በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራውን ሕግ አውጥታ ነጠላ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰፈር እንዲጠበቅ አደረገች። በፓሪስ የማሬ ሰፈር በዚህ ዳነ። ድንጋዩ ዳነ እንጂ ሰዉ አልዳነም፤ ቤቱ ሲታደስ ኪራዩ ስለ ናረ የቀድሞው ሠራተኛና ባለ እጅ ሰፈሩን ለቆ ወጣ። የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ከዚህ ተምራ ይመስላል፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ዕቅድ ለአዲስ የሕዝብ መኖሪያ የተመደበውን ገንዘብ በከተማው መሐል ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለማደስና ነዋሪዎቹን በዚያው ለማቆየት አዋለችው። አሮጌን ቤት መጠገን የቤት ልማት ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ የቀበሌ ቤት በበዛበት አገር ከማሬ ይልቅ የሚስማማ ነው፤ ባለቤቱ አስቀድሞ መንግሥት ራሱ ነውና።

ስለ ምዝገባ ደግሞ ዛንዚባር አስተማሪ ናት። አሮጌው የድንጋይ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁንና በ1883 የተሠራው «የድንቆች ቤት» የተባለው ዋና ሕንፃዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020፣ እድሳት ላይ እንዳለ በከፊል ተንዶ የሰው ሕይወት አጠፋ። መዝገብ ጣሪያ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉ ሰፈርን የመጠበቅ ምሳሌ ለማግኘት ወደ ሐረር መሄድ ያሻል። በአሚር ኑር ስም የሚታወቀው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው 48 ሄክታር ከተማ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች አሉት። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግምት ውስጥ የገባው የሐረሪ ቤት ውስጣዊ አሠራርም ጭምር ነው፤ በቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ክብሩ የተመደበ መቀመጫ። ጀጎል የኖረው ከጠንካራ ድንጋይ ስለ ተሠራ አይደለም፤ የግንቡ ማያያዣ እዚያም ጭቃ ነው። የኖረው ቤቱን በኖራ የመቀባት ልማድ ስላልተቋረጠና ቤቱ ከዕለት ኑሮ ስላልተለየ ነው። ሆኖም እዚያም የቆርቆሮ ክዳንና የሲሚንቶ ብሎኬት እየገቡ መሆናቸው አይካድም፤ ጥበቃው ተጠናቀቀ ተብሎ የሚዘጋ ፋይል አይደለም።

በአሮጌ ቤቶች ላይ የሚቀርበው ከባዱ መቃወሚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ይህንንም በችኮላ ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ትልቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ጭምር አወዛውዟል። የአርሲ ደጋ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው። በጭቃ የተገነባ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቁልቁል የሚወርደውን ጭነት ቢችልም የጎን ግፊትን አይችልም፤ ማዕዘኑ ይከፈታል፤ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ውጭ ይወድቃል። ይህ የእውነት ድክመት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ የእንጨት ቋሚና ማገር ያለው የጭቃ ግድግዳ በዚህ ረገድ ከድንጋዩ የተሻለ ነው፤ ይተጣጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በአንድ ጊዜ አይወድቅም። «ዝቅተኛ» የተባለው ቤት «ከፍተኛ» ከተባለው የበለጠ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ የድንጋዩን ግድግዳ በጣሪያው ሥር በዙሪያው በእንጨት ወይም በብረት መቀነት ማሰር፣ ወለሉን ከግድግዳው ጋር ማያያዝ፣ ማዕዘኖቹን መስፋት የታወቀ ሥራ ነው። ወጪው ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሳይለካ «አያዋጣም» ማለትም «ያዋጣል» ማለትም አይቻልም። በሥራ ላይ ያሉት የሕንፃ ደረጃዎች በዋናነት ለአዲስ ግንባታ የተጻፉ መሆናቸው ይህን ልኬት አድካሚ ያደርገዋል፤ መቶ ዓመት የቆመን ግድግዳ በኮንክሪት ሕንፃ መለኪያ የሚመዝን ሰው ውጤቱን ሳይጀምር ያውቀዋል።

በአርሲ ከተሞች ይህ ሁሉ ምን ይመስላል? እንደ አርቦዬ ባለች ከተማ የመጀመሪያዎቹ መንገድ ዳር ቤቶች፣ የከተማው አሠራር እንዴት እንደ ጀመረ የሚናገሩት እነዚያው ናቸው፤ ከእነርሱ ሌላ ምስክር ብዙ አይኖርም። ሁሉም ይኑሩ የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም። መንገድ መስፋት ካለበት ይሰፋል፤ ምስጥ የጨረሰው ቋሚ አይጠገንም። የሚጠየቀው ነገር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ይለካ፤ የሚፈርስበትም ምክንያት በትክክለኛ ስሙ ይጻፍ።

በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ምን መስፈር እንዳለበት ለማንም ባለሙያ የተሰወረ አይደለም። የምድር ቤቱና የደርቡ ፕላን፣ አንድ ቁርጥ፣ የግድግዳው ውፍረትና ዕቃ፣ የእንጨቱ ዓይነትና የመበስበሱ መጠን በቢላ ተወግቶ የታየ ጥልቀት፣ የእያንዳንዱ ስንጥቅ ቦታ፣ ስፋትና አቅጣጫ፣ ቤቱ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራው ግድግዳ፣ የጎርፉ መውረጃ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጉዳቱ የመጣው ከምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መስመር ይሰጠው፤ በዚያ መስመር ላይ «እርጅና» ብሎ መጻፍ የተከለከለ ይሁን። በአንድ ከተማ ዋና መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች አንድ መሐንዲስ ከሁለት የቴክኒክ ተማሪዎች ጋር በሜትር፣ በደብተርና በካሜራ በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳቸዋል። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ወረቀቱ በማዘጋጃ ቤቱ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ግንበኛ የበረንዳውን ስፋትና የክዳኑን ተዳፋት ከዚያ ያገኛል።

ሥራውን በሁለት ጊዜ መክፈል ይመረጣል። ልኬቱ በበጋ ወራት ቢሆን ግድግዳው ደርቆ ስንጥቁ ጥርት ብሎ ይታያል። በነሐሴ ደግሞ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ከሰዓት በኋላ ወደየቤቱ መመለስ ያስፈልጋል፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።